ለአፀደ የወረቀት ኩባያ

ቦንጋ ውስጥ የማትጸየፍ ልጅ ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። የሰው ትራፊ እበላለሁ። የሰው ማበጠሪያ እዋሳለሁ። አንዴ ባጃጅ ውስጥ የማላውቀው ሕፃን ጭኔ ላይ አስታወከብኝ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና የጀመርኩትን ወሬ ቀጠልኩ። እኔን የሚያስጠላኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጸየፍ ሰው።

ስሜ ትሁት ነው። እናቴ ስታወጣልኝ ገና አላወቀችኝም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የምማረው ግን ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሦስት ዓመት አቋርጬ በአክስቴ ሻይ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ነበር። ስለዚህ ክፍል ውስጥ በቁመትም በምላስም የሚስተካከለኝ የለም።

አክስቴን እትዬ ሠናይትን ከመናኸሪያው ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሻይዋ ወፍራም ነው፣ ቡናዋ በፔርሙስ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ነው፣ አፏ ደግሞ ማር ነው። የባጃጅ ሾፌሩን ሁሉ «የኔ ጌታ» ትላለች። ከሰል የሚያመጡላትን ጋሽ ቢሻውን ግን፣ በዕድሜ የሚበልጧትን ሰውዬ፣ «አንተ» ነው የምትላቸው። «ቢሻው፣ ከሰሉን እዚያ አራግፍና ከበሩ ዞር በል» ትላቸዋለች። እሳቸውም ዞር ይላሉ።

ጋሽ ቢሻው የሚመጡት ከማንኪራ ወዲያ ካለው ጫካ ዳር ነው። ማንጆ ናቸው። ይህን ቃል ስንቱ እንደ ስድብ እንደሚተፋው ስለማውቅ ሁለተኛ አልጠራውም። ጉሬዛ ይበላሉ እየተባለ ከእነሱ ጋር የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ ቤቱ የማያስገባቸው ሰው ዛሬም ሞልቷል። አክስቴ ድሮ ለእነሱ ብቻ የምትቀዳበት ቆርቆሮ ነበራት፤ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ሰዎች መጡና «ይኼ ያስከስሳል» አሏት። በማግስቱ ቆርቆሮውን ጣለችና የወረቀት ኩባያ በእሽግ ገዛች። ለሌላው ሰው በሲኒ፣ ለእነሱ በወረቀት። ውጭ ቆመው ይጠጣሉ፣ ይጥሉታል፣ እሷም የምታጥበው ነገር የለም።

«አዲስ ነው እኮ፣ የሰው አፍ ያልነካው» ትለኛለች ስጨቀጭቃት። «ከሁሉም ንጹሑን ለእሱ ነው የምሰጠው። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ጉልበቱን ልሳም?»

ይህን ስትል ፊቷን ብታዩት። የጽድቅ ሥራ የሠራች ነው የሚመስላት። ያቅለሸልሻል።

የጋሽ ቢሻው ልጅ አፀደ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ናት። ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዓርብ ዓርብ በእግሯ ቤተሰቦቿ ጋ ትሄዳለች። ከክፍሉ አንደኛ ናት። ምሳ ዕቃዋን የምትከፍተው ግን ብቻዋን ነው። ጉሬዛ ያየችው እንደ እኔው ዛፍ ላይ ነው፤ ጾሙን ደግሞ ከአክስቴ በላይ ትጾማለች። ይህን ለክፍሉ ልጆች አንዴ ቆሜ ነግሬያቸው አውቃለሁ። ሁሉም ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ በምሳ ሰዓት ሁሉም እንደ ድሮው ተቀመጡ። እኔም ቦታዬ ጓደኛዬ ሊና አጠገብ ስለሆነ እዚያው ተቀመጥኩ።

ግንቦት ላይ ቲቸር ግዛቸው የሰላም ክበብ አባላትን ሰበሰበን። ቲቸር ግዛቸው ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። ከዞን እንግዶች የሚገኙበት የሰላምና የፍትሕ ቀን ይከበራል አለን። የአዳራሹን ግድግዳ በሥዕል ሞላው፦ ከአውቶቡስ ወንበሯ አልነሣም ያለችው ሮዛ ፓርክስ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ታስሮ የወጣው ማንዴላ፣ ከከምባታ ተነሥታ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለችው ቦጋለች ገብሬ። ሥዕሎቹን ሲለጥፍ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ቦጋለችን ከመስኮቱ አጠገብ ወደ መሀል ያስመጣሁትም እኔ ነኝ፤ ከሁሉም የቀረበችን እሷ ሆና ጥግ ትቀመጣለች እንዴ?

ከዚያ ድራማ እንሠራለን አለና ታሪኩን ነገረን። በእኛ በ1952 ጥር ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ፣ አራት ጥቁር ተማሪዎች አንድ ትልቅ ሱቅ ገቡ። የጥርስ ሳሙና ገዙ። ተሸጠላቸው። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ካለው ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። ለጥቁር እዚህ አንቀዳም ተባሉ። አልተነሡም። ሱቁ እስኪዘጋ ተቀመጡ። በማግስቱ ሌሎች ተማሪዎች ተጨምረው መጡ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌሎች። ከወራት በኋላ ተቀዳላቸው።

«ቡና ነው የከለከሏቸው?» አልኩ። «ቲቸር፣ ከእኛ ጫካ የወጣውን ቡና?»

ልጆቹ ሳቁ።

«ሳሙናውን ግን ሸጠውላቸዋል» አለ ሊና አጠገብ ያለው ልጅ። «ገንዘባቸው ጥቁር አይደለማ።»

«ከሰል እንደመግዛት ነው» አለች አፀደ፣ ከኋላ ወንበር፣ ቀስ ብላ።

ማንም አልሳቀም። ቲቸር ጠመኔውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ሚና ማከፋፈል ጀመረ። ከአራቱ ተማሪዎች አንዷ አፀደ ሆነች፣ አንዷ ሊና፣ የቀሩት ሁለት ወንዶች። አስተናጋጇ እኔ ሆንኩ። የሻይ ቤት ልጅ ስለሆንኩ ነው አሉ፤ በድምፄ ነው እንጂ።

ለልምምዱ ሦስት ሲኒ ከቤት አመጣሁ፣ ሻይ በፕላስቲክ ጠርሙስ። አስተናጋጇ በመጨረሻ ቀድታላቸው ራሷም ትጠጣለች የሚል ጨመርኩበት፤ ቲቸርም ወደደው። የሊናን ሲኒ ከእጇ ነጥቄ ግማሹን ስጨልጥባት ሁሉም ይንከተከታል። አፀደ ሲኒ ስላልበቃ ባዶ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የጠጣች ታስመስል ነበር። ጎበዝ ናት፣ እውነት የጠጣች ነበር የምትመስለው።

በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከልምምድ ስንወጣ በር ላይ አስቆመችኝ።

«አባቴ ይመጣል» አለችኝ።

«ይምጡ። ከፊት እናስቀምጣቸዋለን።»

«ዕቃዬን ሊወስድ ነው የሚመጣው።» መሬት መሬት እያየች ነበር። «ስምንት ዓመት ተማርሽ፣ አብሮሽ የጠጣ አንድ ሰው የለም፣ በቃሽ ብሎኛል። መጀመሪያ ድራማውን እይና ከዚያ ውሰደኝ አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት በሲኒ ሲቀዳልኝ ካየ ዘጠነኛ እገባለሁ።»

«ካላዩስ?»

«ከሰል እሸከማለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነግሩኝ ደሜ ይፈላል። ትከሻዋን ያዝኩ። «እኔ አለሁልሽ አይደል? አስተናጋጇ እኔ። በሲኒ እቀዳልሻለሁ። ከዚያ ያንኑ ሲኒ ተቀብዬሽ እጠጣበታለሁ። አባትሽ ብቻ አይደሉም፣ ዞኑ በሙሉ አፉን ይይዛል።»

«መቅዳቱ ይበቃኛል» አለች።

ልብ ብዬ አልሰማኋትም። ጭብጨባው ጆሮዬ ላይ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አክስቴ በባጃጅ ደረሰች። የድራማውንም የእንግዶቹንም ቡና የምታቀርበው እሷ ናት። ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ፣ ሠላሳ ነጭ ሲኒ በትሪ። ትሪውን ስታስቀምጥ ከጎኑ የወረቀት ኩባያ እሽግ አየሁ።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ለዚያች ለቢሻው ልጅ» አለች፣ የሲኒዎቹን አቧራ እየጠረገች። «ሊና ነግራኛለች፣ ድራማው ላይ ትጠጣለች አሉ።»

«አክስቴ፣ ድራማው እኮ ስለዚሁ ነው። ሰዎቹ በሲኒ አንቀዳም ብለው ነው ታሪክ የሆኑት።»

«እነሱ ጭራሽ አልቀዱም። እኔ እቀዳለሁ።» እሽጉን በጥርሷ ቀደደችው። «ደግሞ በዚህ ሲኒ የሚጠጡት ከዞን የመጡ ሰዎች ናቸው። ነገ ሻይ ቤቴ ማን ይመጣል? አንቺ ነሽ የምትጠጪልኝ?»

ቲቸርን ጠርቼ አሳየሁት። ሱፉን ለብሷል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። ኩባያውን አገላብጦ አየው።

«ነጭ ነው» አለ። «ከሩቅ አይለይም።»

«ቲቸር!»

«ትሁት፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ሲኒዎቿን ሰብስባ ብትሄድስ? በሰላም ቀን ጠብ አንፍጠር። የሚቀጥለው ዓመት በሰፊው እንወያይበታለን፣ እሺ?»

ከኋላው ሮዛ ፓርክስ ግድግዳው ላይ አለች። እሷንም ያቅለሸለሻት መሰለኝ። አፀደ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የሹራቧን እጅጌ እየሳበች ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደች። እኔ ግን አክስቴ ዞር ስትል አንድ ሲኒ አንሥቼ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። እኔን የሚያስቆመኝ የለም።

እንግዶቹ አንድ ሰዓት አርፍደው መጡ። ስምንት ናቸው፣ ከፊት ረድፍ፣ እያንዳንዳቸው የታሸገ ውኃ ፊታቸው ተደርጎላቸው። ዋናው እንግዳ ሰፊ ሆድ ያላቸው ሰው ናቸው። «ሰላም ከእያንዳንዳችን ይጀምራል» ብለው ተነሡና ሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሱ፤ ማንም የማይሰማውን ነገር ሁሉ ተናገሩ፣ የሁላችንንም እኩልነት ሦስት ጊዜ አወጁ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ስልኳ ላይ የጫማ ሥዕል ታያለች። ይህን ከመጋረጃው ቀዳዳ አይቼ ልተፋ ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ ቢሻው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ወንበር ነበረ። አልተቀመጡም። ብብታቸው ሥር ለአፀደ ዕቃ ያመጡት ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት አለ።

ድራማው ተጀመረ። አራቱ ተማሪዎች ገቡ፣ ሳሙና ገዙ፣ ባንኮኒ ባደረግነው ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጡ። «አንድ ቡና» አለች አፀደ። «ለእናንተ እዚህ አንቀዳም» አልኩ፣ ወገቤን ይዤ፣ እንደ አክስቴ አፍንጫዬን ሰብስቤ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አፍንጫውን አውቆታል። ቀኑ መሸ፣ ነጋ እያልን መብራት አጠፋን አበራን። በመጨረሻ ፔርሙሱን አነሣሁ። አክስቴ ከመድረኩ ጎን ተቀምጣ የወረቀቱን ኩባያ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ሲኒውን አወጣሁ፣ አፀደ ፊት አስቀምጬ ጢም አድርጌ ቀዳሁ።

አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች። አፀደ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። በዓይኗ በሩን ትፈልግ ነበር።

ከዚያ ቃሌን ጠበቅኩ። ሲኒውን ከእጇ ተቀበልኩ፣ አፉን በአውራ ጣቴ ዳበስ አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ አሳየሁና ጨለጥኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋናው እንግዳ ተነሥተው አጨበጨቡ። ቲቸር ግዛቸው ዓይኑን ጠረገ፣ ጠዋት ያለውን የረሳ መሰለ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ሊናና ወንዶቹ ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

አፀደ አልተነሣችም።

ባዶውን ሲኒ ወደ ራሷ ሳበችና «አንድ ቡና» አለች።

የረሳች መስሎኝ ልረዳት ፔርሙሱን አነሣሁ። ሲኒውን በመዳፏ ከደነችው።

«ከአንቺ አይደለም» አለችኝ፣ እኔን ሳታይ። «እትዬ ሠናይት፣ አንድ ቡና።»

አክስቴ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፣ ሌላ ሠናይት ያለች ይመስል። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሰዉ ድራማው ያላለቀ መስሎት መልሶ ተቀመጠ። አፀደም እንደተቀመጠች ቀረች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። ሰው ያስላል፣ ወንበር ይንቋቋል። ቲቸር ከጎን ሆኖ በእጁ ተነሺ ተነሺ ይላታል። ከኋላ ጋሽ ቢሻው ከረጢቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

ዋናው እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ። «ኧረ ቅጂላት እመቤቴ» አሉ እየሳቁ፣ «ቀጥሎ እኛ ነን።»

አክስቴ ከዞን የመጣ ሰው ላይ እንቢ አትልም። ተነሣች። የፔርሙሱ አፍ ሲኒውን እንዳይነካ ክንዷን ሽቅብ አንጠልጥላ ከሰማይ እንደምትጥል ቀዳች፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ከሰል ያመጡላት ሰው ከኋላ ሆነው እያዩ፣ ለልጃቸው በሲኒ ቀዳች። አፀደ አልቸኮለችም። እየተነፈሰች፣ እያረፈች፣ እስከ አተላው ጠጣች። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብላ ሲኒውን ወሰደችና ትሪው መሀል፣ የእንግዶቹ ሲኒዎች መካከል ጣልቃ አስገብታ አስቀመጠችው። ሲነካካ ድምፁ ተሰማ።

አሁን የሚያስጠላው መጣ። አክስቴ ትሪውን ተሸክማ ወደ ፊት ረድፍ ወረደች። ዋናው እንግዳ ትሪውን አዩ፣ አፀደን አዩ፣ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ሰውዬው ጆሯቸው ላይ መለሰላቸው።

«ጨጓራዬ» አሉ ዋናው እንግዳ፣ ሆዳቸውን ይዘው። «ጨጓራዬ ቡና አይወድም።»

የጫማዋ ሴት «እኔ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። ሦስተኛው ውኃውን ከፍ አድርጎ አሳየ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለእኩልነት ያጨበጨቡት ስምንት ሰዎች በሙሉ በሽተኛ ሆኑ። ከዚያ አንደኛው የጠረጴዛውን ጫፍ በአገጩ አመለከተ፦

«ያ የወረቀቱ ይሻል ነበር፣ ካለ።»

አለ እንጂ። ሙሉ እሽግ አለ። አክስቴ ጆሮዋ ቀልቶ ለስምንቱም በወረቀት ኩባያ ቀዳች፤ ጨጓራውም ዳነ፣ የጠጣውም ሰው ጠማው። ጋሽ ቢሻው ከበሩ አጠገብ ሆነው ያንን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ኩባያ በኩባያ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁም። አፀደ ወደ እሳቸው ስትሄድ በቋንቋቸው በካፊኖኖ ሁለት ቃል ብቻ አሏት። ከረጢቱን በአራት አጠፉት፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡትና ባዶውን ይዘው ሄዱ።

ባዶውን። ልቤ ዘለለ።

አፀደን ያገኘኋት ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ካለው ቧንቧ ነው፣ ፊቷን እየታጠበች። እኔ የሲኒውን ትሪ ይዤ ነበር፤ አክስቴ ሦስት ጊዜ እጠቢው ብላኛለች።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ዘጠነኛ ግቢ አለኝ።»

«አላልኩሽም?» ትሪውን መሬት አስቀመጥኩት። «እኔ ያንን ሲኒ ባልሰርቅ ኖሮ እኮ አለቀልሽ ነበር። አየሽ ፊታቸውን፣ ካንቺ ሲኒ ስጠጣ? ሰው ሁሉ ያጨበጨበው እዚያ ላይ ነው። እነዚያን ቆሻሻዎች ደግሞ አየሻቸው፣ በወረቀት ሲጠጡ? እኔ እንደ እነሱ ዓይነት ሰው ሳይ...»

«ጠርገሽው ነው የጠጣሽው።»

«ምኑን?»

«ሲኒውን። በአውራ ጣትሽ።»

ጣቴን አየሁት። ምን ያለበት ይመስል። «ልማድ ነው። የሻይ ቤት ልጅ አይደለሁ?»

«የሊናን ጠርገሽ አታውቂም።» ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አክስትሽ ትሻለኛለች። እሷ ወረቀቷን ፊት ለፊት ነው የምትሰጠን።»